በቁጥር ስለ ተሟሉልን አሥራ ስምንት እርግቦች

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲው የንብረት አስተዳደር ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ያለ ዕረፍት ለሚሠራው ማኅተምዎ ጤናና ዕድሜን እመኛለሁ። ቀጥሎ በቢሮዎ ኮሪደር ስለ እኔ የሚወራውን ላርም፦ የሕንፃውን እርግቦች ቀቅላ በላቻቸው የተባልኩት እኔ፣ ሥጋ ከተውኩ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል፤ ጥርሴም እንኳን ለእርግብ አጥንት ለዳቦ ቅርፊትም አይበቃም። ጣሪያው ላይ የምወጣው የልጅ ልጄ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የእንስሳትን ባህሪና የማስታወስ ችሎታ ስለምታጠና፣ እርሷ ክፍል ስትገባ መዝገብ ልይዝላት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪ ስም ስጠራ ኖሬ የእርግብ ስም መጥራት አላቃተኝም።

ሥራ ስለሚበዛብዎ ጉዳዩን ባጭሩ ላስረዳ። አሥራ ስምንት እርግቦች ነበሩን። እያንዳንዷ ጣሪያው ላይ ከተደረደሩት ጣሳዎች የራሷን ለይታ፣ ክዳኑን በምንቃሯ ገፍታ መብላት ተምራ ነበር፤ ይህም አንድ ዓመት ፈጀ። ከዚያ ጣሳዎቹን አንስተን ስልሳ ቀን ቆይተን፣ መልሰን ስናስቀምጥ የራሷን ያልረሳችው የትኛዋ እንደሆነች ልናይ ነበር። የልጅቷ ጥናት በሙሉ የተንጠለጠለው በዚያች በአንዲት ጠዋት ላይ ነው። በሃምሳ ሰባተኛው ቀን ግን እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ጣሪያው ተጸዳ።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ሠራተኞችዎ እርግቦቹን በጆንያ ከትተው ከከተማ ውጭ ስለለቀቋቸው፣ እንግዶቹም አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብለው ጣሪያውን ሳያዩ ስለሄዱ አመሰግናለሁ።

፪ኛ. የልጅ ልጄ አቤት ባለች በስድስተኛው ቀን ሌሎች አሥራ ስምንት እርግቦች ከገበያ አስመጥተው፣ «በዓይነት፣ በቀለምና በቁጥር የተሟላ» የሚል የመረከቢያ ቅጽ ስላዘጋጁላት አመሰግናለሁ። ለተሰበረ ወንበር እንኳ እንዲህ ያለ ፍጥነት አይተን አናውቅም። ልጅዎ ከትምህርት ቤት ሳይመለስ ቢቀር፣ በዕድሜና በቁመት የሚያክለውን ሌላ ልጅ ፈርመው ይረከቡ ዘንድ ግን አልመኝልዎትም።

፫ኛ. የንብረት ክፍልዎ ባልደረባ ቁጥር እንዳይፋለስ ብሎ የቀድሞዎቹን ባለ ቁጥር ቀለበት፣ ጆንያ ውስጥ ሳይገቡ ከእግራቸው አውልቆ አስቀምጦ፣ ለአዲሶቹ አጥልቆላቸዋል። ቁጥር ሰባት፣ ዘግይታ መጥታ ከሁሉ በፊት ስለምትጠግብ እኛ «ምክትል ኃላፊ» የምንላት እርግብ፣ ይህች አይደለችም ብዬ ብነግረው፣ «እማማ፣ ቀለበቱ ላይ ሰባት ይላል አይልም?» አለኝ። ይላል።

እርግቦቹ በንብረት መዝገብ በልጅቷ ስም ስለሰፈሩ፣ እስከ ነገ ስድስት ሰዓት የመረከቢያ ቅጹን ካልፈረመች ምዝገባዋ አይታደስም። ከፈረመች ደግሞ እነዚህ የእኔ ናቸው ብላ መሰከረች ማለት ነው፤ የሁለት ዓመት ልፋቷም ውሸት ይሆናል። አማካሪዋ «ፈርሚና ተገላገዪ» ብለዋታል። እርሷ ከትናንት ጀምሮ ባዶ የውጤት ሰንጠረዥ ፊት ተቀምጣለች፤ ብላት ብሠራት አትነሳም። እኔም ከቀይ እስክሪብቶና ከደህና የእጅ ጽሑፍ በቀር አቅም የለኝም። ልመናም አልተማርኩም፤ ብማር ኖሮ ዛሬ ይጠቅመኝ ነበር።

የሰው ፊት ቢረሱም የዕቃ ቁጥር ለማይረሱት ለክቡርነትዎ ያለኝን አክብሮት፣ በወገብ ሕመሜ ምክንያት ጎንበስ ሳልል፣ በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ።

ጡረታ የወጣች መምህርት፣ የተማሪዋ አያት

ግልባጭ፦ ጉዳዩን ከቢሮዎ ባላነሰ ለተረዱት አሥራ ስምንት አዳዲስ እርግቦች

ማስታወሻ፦ ዛሬ ጠዋት ቀለበት የሌላት አንዲት እርግብ ከሁሉ ዘግይታ መጥታ፣ የውኃ ታንከሩ ሥር፣ ሰባተኛው ጣሳ የነበረበትን ባዶ ሲሚንቶ ስትነቁር አየሁ። መሐላ ልገባ አልችልም፤ አንዲት እርግብም ጥናት እንደማትሆን ይገባኛል። ይሁንና ቀለበቷን የወሰደባት ቢሮ ያላወቀላትን ቦታዋን እርሷ አልረሳችም። ነገ ከሁሉ በፊት ጣሪያው ላይ እወጣለሁ፤ ጣሳዎቹን እንደ ቀድሞው እደረድራለሁ፤ መነጽሬን እወለውላለሁ፤ መዝገቡን ገልጬ ቀኑን እጽፋለሁ፤ ከዚያም የልጅ ልጄ ወደ ቢሮዎ እስክትጠራ ድረስ፣ ከቁጥር አንድ ጀምሬ ስም እጠራለሁ።