የአባባ ስድስት ጎራሽ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

የሰባተኛ ክፍል ፈተና ላርም ተቀምጬ አንድም ሳላርም ዋልኩ። ምን ያሳርማል! ስምንት ሰዓት ላይ የአባባ ጓደኞች ከች አሉ። ጋሽ ፈትሁዲን የሕንፃ መሣሪያ ሱቁን ዘግቶ፣ ጋሽ ፍሬው ስልኩን ሙሉ ቻርጅ አድርጎ። የሆሳዕና ሽማግሌ ሁሉ ስለ ኳስ ሲከራከር፣ እነሱ በዓለም ላይ ከሁሉ የሚያምረው ስድስት ጎራሽ የቱ ነው ብለው ይጨቃጨቃሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ። አልተስማሙም።

ጋሽ ፈትሁዲን የዝሆን ጥርስ እጀታ ያላትን፣ የምታብረቀርቀዋን ነው የሚወደው። «ሽጉጥ ካላብለጨለጨች ምኑን ሽጉጥ ሆነች?» ጋሽ ፍሬው ጡረታ የወጣ የታሪክ አስተማሪ ነውና ይንቀዋል። «ያንተ የቆርቆሮ ነጋዴ ዓይን ነው! ጥቁር፣ አፈሙዟ ረዘም ያለ... ቁም ነገር ያላት እሷ ናት» ይላል፣ ፎቶዋን በጣቱ እያሰፋ። እውነተኛዋን ግን ሁለቱም አያውቋትም። ያለችው የአባባ ብቻ ናት። ከአያቴ የወረሳት፣ ቀለሟ የለቀቀ፣ የእንጨት እጀታዋ የተሸረፈ፣ ፈቃድ ያላት።

«ውበት በዓይን አይደለም፣ በአውራ ጣት ነው» አለ አባባ እንደ ልማዱ። «የአሁኖቹ ቃታ ከሳብክ ተኮሱ ነው። ይቺ ግን በየጥይቱ ከኋላ ያለችውን መዶሻ በጣትህ ካልጎተትክላት አትሰማህም። 'እርግጠኛ ነህ?' ብላ ትጠይቅሃለች።» ባዶዋን ጎተታት። ሪህ ስለያዘው በሁለት እጁ። ቀጭ... ሁለቱም ዘፈን የሚሰሙ ይመስል ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሲወጡ አባባ ጋሽ ፈትሁዲንን «አንተ የማን ልጅ ነህ?» አለው። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ቀልድ ነው... አይደል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

አባባ ከረባቱን አስሮ ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ቆመ። የዱራሜ የመሬት ቢሮ መኪና መጥቶ እንዲወስደው ይጠብቃል። ጡረታ ከወጣ አስራ ሁለት ዓመቱ። ምን ልበለው? መኪናው ተበላሽቷል አልኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ሐኪም ቤት። የመርሳት በሽታ ነው አለኝ ሐኪሙ። «መድኃኒቱ ቢያዘገየው ነው እንጂ አይመልሰውም። አደገኛ ነገር ከቤት አርቂ። ቢላ፣ ጋዝ...» አንገቴን ነቀነቅኩ። ሽጉጥ አለ አላልኩትም። ለምን አላልኩትም?

ቤት ስንገባ ጥይቶቹ የት እንዳሉ ጠየቅኩት። «ምስጢር ነው» አለ። ቆየት ብሎ ፊቱ ጠቆረ። ለካ እሱም አያውቀውም። የሽጉጧ ሳጥን ቁልፍ ደግሞ አንገቱ ላይ ነው፣ ሲተኛም አያወልቀውም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

እነ ጋሽ ፈትሁዲንን በር ላይ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሽጉጧን አስጥሉልኝ አልኩ።

«ወላሂ ሳባ፣ እሷን ከቀማሽው ምን ይቀረዋል?»

«እናነጋግረዋለን፣ አታስቢ» አለ ጋሽ ፍሬው።

ገቡ። ሻይ ጠጡ። ከዚያ... «ለመሆኑ እንጨት ከዝሆን ጥርስ ጋር ይወዳደራል?» ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ቅዳሜያቸውን እንዳያጡ ፈርተው ነው፣ ይገባኛል። እኔስ? ፖሊስ ልጥራ? በገዛ አባቴ ላይ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19



ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ መጣሁ። በሩን ስከፍት አባባ ሳሎን መሃል ቆሟል። ሽጉጧ ደረቴ ላይ ተነጣጥራለች። «ሌባ!»

አውራ ጣቱ መዶሻዋ ላይ። ጎተተ። ሸርተት አለበት። ደግሞ ጎተተ። ሸርተት። እኔ? መሮጥ እንኳ አልቻልኩም። «አባባ፣ እኔ ነኝ፣ ሳባ ነኝ...» ድምፄ የወጣም አልመሰለኝም። ሦስተኛ ሞከረ። አቃተው። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ከዚያ ድንገት ድምፁ የድሮው ሆነ።

«ልጄ፣ እስቲ ነይማ። ጣቴ እምቢ አለኝ። ይቺን ጎትችልኝ፣ ሌባ ገብቶብናል።»

ብሎ አቀበለኝ። በገዛ እጁ።

በፎጣ ጠቅልዬ በባጃጅ ጋሽ ፈትሁዲን ሱቅ ሄድኩ። ከፍቶ አያት። ውስጧ አንዲት ጥይት ነበረች። ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ዘፍ አለና «ያ አላህ... ያ አላህ» ብቻ ይል ነበር። አልተቆጣሁትም። ማንን እቆጣለሁ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ከጋሽ ፈትሁዲን ጋር ከነፈቃዷ ፖሊስ ጣቢያ አስረከብናት። የተረከበን ፖሊስ አገላብጦ አያትና «ውይ፣ ስታምር!» አለ። ጓደኛውን ጠራ። ጓደኛው ደግሞ «ነጭ እጀታ ቢኖራት ነበር» አለ። ጋሽ ፈትሁዲን ቀና ብሎ እንኳ አላያቸውም። የመጀመሪያ ጊዜው ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

መጡ። እንደማይመጡ እርግጠኛ ነበርኩ። ጋሽ ፍሬው ስልኩን ከኪሱ አላወጣም። ሻይ፣ ዝምታ፣ ደግሞ ሻይ። ዝምታው ሲከብደው ጋሽ ፍሬው፣ ለወሬ ያህል፣ «እና ኃይሌ፣ ከሁሉ የምታምረው የቷ ናት?» አለው አባባን።

«የምን?»

አባባ አውራ ጣቱን ሲያሻሽ ቆየ።

«ሰሞኑን ሌባ ገብቶብኝ ነበር» አለ። «ይቺ ጣቴ እምቢ አለችኝ። አለቀልኝ ስል አንዲት ልጅ ደረሰችልኝ። ሽጉጤን ለሷ ሰጠኋት።»

«ከዚያስ?» አለ ጋሽ ፈትሁዲን።

«ከዚያማ ሌባው የለም። ጥሩ ልጅ ናት። የማን ልጅ እንደሆነች ግን ሳልጠይቃት ሄደች።»

ጋሽ ፈትሁዲን ወደኔ ዞሮ አፉን ከፈተ። ተው፣ በሚል ራሴን ነቀነቅኩ። ሻይ እየቀዳሁ ነበር፣ ስኳሩን ስንት እንዳደረግኩለት አላስታውስም።

አባባ ብርጭቆውን ከእጄ ተቀበለና ደህና አድርጎ አየኝ።

«ካገኘሻት አመስግኚልኝ» አለኝ።

እሺ፣ እነግራታለሁ አልኩት።