አራት ጓደኛ ይዞ እንዲቀርብ ስለታዘዘው ልጄ

ለተከበሩ የወረዳችን የሥራ ዕድል ፈጠራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

(የወረዳውንም የእርስዎንም ስም ለክብርዎ ስል አልጻፍኩትም። እርስዎ ያውቁታል፤ ደጅ የጠናነውም እናውቀዋለን።)

ክቡር ሆይ፣

የሰኔ ጭጋግ ከመንዝ ሸንተረር ላይ አልነሳ ባለበት በዚህ ሰሞን ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎን ቁርጥማት፣ ወንበርዎን ግምገማ እንዳይነካብዎ ዘወትር እጸልያለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ግራ ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል፤ ቀኙ ግን ለዚህች ደብዳቤ ይበቃል።

ባለፈው ሳምንት በቀበሌው ታጣቂ እጅ የላኩልኝ ባለማኅተም ደብዳቤ ደርሶኛል። «ልጅዎ በየማለዳው በጽሕፈት ቤታችን በር እየቆመ ባለጉዳይ ስለሚያውክ ቤት ውስጥ አጥብቀው እንዲይዙት እናሳስባለን» ይላል። በዘጠኝ ወር ውስጥ ላስገባኋቸው አምስት ማመልከቻዎች አንድም የጽሑፍ መልስ አላገኘሁም ነበርና፣ ሳልጠይቅ የመጣልኝን ይህን የመጀመሪያ ወረቀት ግንባሬን አስነክቼ ተቀብዬዋለሁ። መልሴን ግልጽ ደብዳቤ ያደረግኩትም አምስቱ የታሸጉት ስላልተከፈቱ፣ ስድስተኛውን ሳላሽግ ብልከው ድካምዎን ይቀንስልዎታል ብዬ ነው።

ልጄን ለማያውቁት አንባቢዎች ላስተዋውቅ። እሱባለው ክንፈ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። በቁመት ይበልጠኛል፤ ንግግሩ ግን ጥቂት ነው። ድንገት ጩኸት ሲሰማ ጆሮውን ይይዛል፤ የለመደው መንገድ ሲለወጥበት ይታወካል። ይህ ኦቲዝም እንደሚባል የነገረችን መምህርት ጽናት ናት። ከእሷ በፊት እኛ ልክፍት እያልን ከጸበል ጸበል ስናንከራትተው ኖርን። ከዚያም እኔ አባቱ፣ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፣ እርሻ በዋልኩ ቁጥር ገደል እንዳይገባብኝ እያልኩ ከዘጠኝ ዓመቱ እስከ አሥራ አራት ዓመቱ ከቤቱ ምሰሶ ጋር በገመድ አሰርኩት። መምህርቷ ይህን ሰምታ ቤታችን ድረስ መጣች፤ ቋጠሮውን በገዛ እጇ ፈታችና በከተማው ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት ክፍል አስገባችው።

ዘጠኝ ዓመት ተማረ። ልብሱን አጥቦ መልበስ፣ መንገድ ሲሻገር ግራ ቀኝ ማየት፣ ሰው ሲናገረው ቀና ማለት ቻለ። ከሁሉም በላይ የበግ ጸጉር አጥቦ ጥቁሩን ከነጩ፣ ዳልቻውን ከቡናማው መለየት ለመደ፤ አንዲት ዘለላ ሳትቀላቀልበት ቀኑን ሙሉ ይሠራል። እናቱ በለጠች፣ ነፍሷን ይማርና፣ ይህን አይታ ነው የሞተችው። አምና በሰኔ የምስክር ወረቀት ሰጡት፤ ከወረቀቱ ጋርም ዕድሜው ስላለፈ ከመስከረም ጀምሮ እንዳይመጣ የሚል ማስታወቂያ ሰጡን። መምህርት ጽናትም ወደ ዓለም ከተማ ተዛወረች። ልጄ ትምህርቱን ጨረሰ ተባለ፤ ኦቲዝሙ ግን አላለቀለትም። መስከረም ሲጠባ ቦርሳውን አንግቶ ሄደና ተዘግቶ ባገኘው በር ላይ እስከ ቀትር ቆመ።

እኔ የለመንኩዎ ትንሽ ነገር ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ከበግ ጸጉር ባና ለሚሸምኑት በሰጠው ሼድ ውስጥ ጸጉር የሚለይበት አንድ ጥግና ቀን ቀን ዓይኑን የሚጥልበት አንድ ሰው እንዲገኝለት ነው። ዛሬ እኔ እርሻ እንድውል፣ ነገ ደግሞ እኔ ስሞት የሚያውቀው ደጅና የሚያውቀው ሰው እንዲኖረው ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ስለዚህ ልመና የተደረገልኝን ውለታ ነው።

አንደኛ። ባልደረባዎ መመሪያውን ከፍተው ወጣት የሚደገፈው አምስት ሆኖ ሲደራጅ ብቻ መሆኑን በትሕትና አስረዱኝ፤ «አራት ጓደኛ ይዞ ይቅረብ» አሉ። በሃያ ሦስት ዓመት ዕድሜው አንድ ጓደኛ ያላገኘ ልጅ፣ ጓደኛ የማግኘት ችግሩ ራሱ ሕመሙ የሆነ ልጅ፣ አራት ይዞ እንዲመጣ መታዘዙ ትልቅ እምነት ነው። ለአንካሳ ድጋፍ የሚሰጠው ዳገቱን ሮጦ ሲወጣ ነው እንደማለት ነውና ስለ እምነቱ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ። እኒሁ ባልደረባዎ ፊታቸውን ወደ ልጄ መልሰው ጓደኞቹ እነማን እንደሆኑ ራሱን ጠየቁት። እግዚአብሔር ያክብራቸው፤ ከትምህርት ቤት ከወጣ ወዲህ እሱን ራሱን የጠየቀ ሰው አልነበረም። እሱባለውም ቀና ብሎ በሚገባ መለሰ፦ «ቦቃ፣ ዳልቻ፣ ገብስማ፣ ነጮ»። ባልደረባዎ አራቱንም በቅጹ ላይ በተራ ሞሉና የቀበሌ መታወቂያቸውን ጠየቁ። በጎቻችን መሆናቸውን ስናገር ቢሮው በሳቅ ተሞላ። ሰው ሁሉ ሲስቅ አይቶ ልጄም ሳቀ፤ እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቶ ነበር። ባልደረባዎም ለጨዋታ «በል እንግዲህ ይዘሃቸው ና» አሉት። ልጄ ጨዋታ አያውቅም፤ የተነገረውን ይይዛል።

ሦስተኛ። ሕመሙ በሐኪም ካልተረጋገጠ ጉዳዩ አይታይም ተባለ። ልጁ ፊትዎ ቆሞ ጆሮውን ይዞ ሲወዛወዝ ማየት በቂ ማስረጃ እንዳልሆነ ስለተረዳሁ ደብረ ብርሃን ድረስ ወሰድኩት። ለመንገዱ ስል ከበጎቹ አንዱን፣ ሙክቱን ቦቃን፣ ለሆሣዕና ዋዜማ ገበያ አወጣሁት። ከትንሣኤ በኋላ ሄደን የሐኪሙን ወረቀት ይዘን ተመለስን። ባልደረባዎ ወረቀቱን አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ ሕመሙ ስለተረጋገጠ ሥራ ፈላጊ አይባልም፤ ጉዳዩ የማኅበራዊ ጉዳይ ነው አሉኝ። ተሻግሬ እዚያ ስሄድ ደግሞ ጉልበት ያለው ጎልማሳ ስለሆነ ወደ እናንተ እንዲመለስ ነገሩኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይህ ነው። ሁለቱ በሮች በአንድ ግቢ ፊት ለፊት ናቸው፤ ቆጥሬዋለሁ፣ ሃያ እርምጃ ነው። እኔ ሃያውን እርምጃ ስመላለስበት ክረምት ገባ።

አራተኛ። አሁን ደግሞ «አጥብቀው ይያዙት» ስላሉኝ ምክር። ገመዱ አለ፤ አልጣልኩትም፤ ከማገሩ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግሥት ገብስ ልዘራ መውጣት ነበረብኝ። አልፎ አልፎ የምትጠብቅልኝ ጎረቤቴ አስካለ ማርያም ለቅሶ ልትደርስ ወደ ራቤል ሄዳ ነበር፤ ሌላ ሰው የለኝም። ማኅተምዎን ደግሜ አየሁና ገመዱን አወረድኩት። ልጄ አየው። አልጮኸም፤ አልሸሸም። ከምሰሶው ሥር ሄዶ ተቀመጠና እግሩን ራሱ ዘረጋልኝ። ዘጠኝ ዓመት ትምህርት ይህን አላስረሳውም፤ አምስት ዓመት እኔ ያስተማርኩትን ማለቴ ነው። ክቡር ሆይ፣ እኔ እናቱን ስቀብር እንኳ እንደዚያን ቀን አላለቀስኩም። በሬዎቹ እንደተጠመዱ ውጭ ቆመው ዋሉ፤ መሬቱም እስከ ዛሬ አልተዘራም። ትእዛዝዎን ስላልፈጸምኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ገመዱን ግን ከዚህች ደብዳቤ ጋር ጠቅልዬ ልኬልዎታለሁ። የማጥበቅ ሥራ ከእኔ ይልቅ ጽሕፈት ቤትዎ ያውቅበታል።

ልመናዬ ያው ነው፤ አንድ ጥግ፣ አንድ ሰው። መመሪያው አምስት ሰው ካለ ደግሞ እኔ አንዱ ልሁን፤ ጓደኛው ነኝ ብዬ እፈርማለሁ። ያኔ የሚጎድሉት ሦስት ብቻ ናቸው።

ፈጣሪ ዕድሜዎን እንደ ቀጠሮዎ ያርዝምልዎ፤ ልጆችዎን ከሰው ፊት አያቁምብዎ፤ በእርጅናዎ ዘመን ጉዳይ ኖሮዎ ደጅ ቢጠኑ እርስዎን የመሰለ ኃላፊ አይግጠምዎ እያልኩ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎ፣
ክንፈ ታዲዮስ
የእሱባለው አባት

ግልባጭ፦
ለማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት (ከበርዎ ትይዩ)
ለግቢው ዘበኛ

በኋላ የታከለ። ልጄ ለምን ከበርዎ እንደሚቆም በደብዳቤዎ ስላልጠየቁ በዝርዝሩ ውስጥ አላስገባሁትም፤ ግን ይወቁት። በሆሣዕና ዋዜማ ቦቃን የገዙት የእርስዎ ባልደረቦች ናቸው። ለፋሲካ ቅርጫ ነበር፤ እንደ መመሪያው ልክ አምስት ሆነው ተደራጅተው ነው የገዙት። ሙክቱን እስከ በዓሉ ለማቆየት ወደ ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ሲወስዱት የአንገቱን ገመድ ይዞ እስከ በሩ የሸኘው እሱባለው ነው። ደስ ብሎት ነበር፤ ጓደኞችህን ይዘህ ና ተብሏልና የመጀመሪያው ለምዝገባ የገባ መስሎታል። ሲገባ አይቷል፤ ሲወጣ አላየም። በማግሥቱ ሄዶ በሩ ላይ ቢቆም፣ ዘበኛው ምን እንደሚፈልግ ሳያውቅ ለሁላችንም የሚለውን አለው፦ «ነገ ተመለስ»። እውነቱን ልነግረው ሞክሬ አቃተኝ፤ ከአምስቱ አንዱ ይንገሩት። እስከዚያው ግን አይቆጡት። በዚህ ወረዳ ቃላችሁን አምኖ በየማለዳው የሚመለስ የቀረላችሁ እሱ ብቻ ነው።