ድምፄ እስኪመለስ

እሑድ፣ ኅዳር 7

ዛሬም እንደ ሁልጊዜው። አውቶቡስ ጣቢያው ከጠዋት ጀምሮ ሰው በሰው። ድምፅ ማጉያው ከተበላሸ ወራት አለፉ... ኃላፊው "እየተሠራ ነው" ይላል። እስካሁን የሚሠራው የኔ ጉሮሮ ብቻ ነው። በር ላይ ቆሜ የሚነሳውን አውቶቡስ እጣራለሁ። የተዘናጋ ይሮጣል፣ ያንቀላፋ ይነቃል። ሾፌሮቹ "ጡሩምባ" ይሉኛል። አልቀየምም። እንዲያውም ደስ ይለኛል።

የመጨረሻውን አውቶቡስ ስጣራ ግን ድምፄ መሃል ላይ እልም አለ። ጉሮሮዬን ጠረግ አድርጌ ደግሜ ሞከርኩ... ትንፋሽ ብቻ። "ጡሩምባችን ባትሪ ጨረሰች!" አለ አንዱ ሾፌር። ሳቅኩ። ሳቄም ድምፅ የለውም።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ነገ ሳይሆን የሚቀጥለው ሰኞ ልጄ ቃለ መጠይቅ አላት፣ አዋላጅ ነርስነት ልትማር። የጽሑፉን ፈተና በጥሩ ውጤት አልፋለች። የቀረው መናገር ነው። መናገር ደግሞ... ልጄን ቃል ይይዛታል። አፏን ከፈታች ጀምሮ እንደዚያው ነው። ሲይዛት እኔ እጨርስላታለሁ። አብሬያት ገብቼ አጠገቧ ልቀመጥ ተስማምተን ነበር። ያለ ድምፅ ገብቼ ምን ልፈይድላት?

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ትንሽ መስታወት አፌ ውስጥ ከትቶ ሲያይ ቆየ። "እናቴ፣ ጉሮሮዎ ክፉኛ አብጧል። እስከሚቀጥለው ሰኞ አንድ ቃል እንዳይናገሩ" አለኝ። በሹክሹክታስ? አልኩት በእጄ። "ሹክሹክታ ይብሳል! ዝም። ጭጭ። አለዚያ ድምፅዎ እንደሻከረ ይቀራል።" የሕመም ፈቃድ ጻፈልኝ።

ሌላው አካሌ ደህና ነው። እግሬ ደህና፣ እጄ ደህና። ሥራ የለም፣ ሕመም የለም፣ ወሬም የለም። እንዲህ ያለ ዕረፍት አግኝቼ አላውቅም።

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ የፊተኛው ክፍላችን ነው። የሐኪሙን ወረቀት ሰጠሁት። መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ ወረድ አድርጎ አነበበ። ደግሞ አነበበ። "እስከ ሰኞ... አንድም ቃል?" አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ።

"ተመስገን" አይልም! በገዛ ሜትሩ ጀርባውን ገረፍኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ፀሐይ አልጋዬ ላይ እስክትወጣ ተኛሁ። ለካ በዚህ ሰዓት መኝታ ቤታችን እንዲህ ያምራል? መጋረጃው ሲበራ ግድግዳው ማር ይመስላል። ስንት ዓመት ኖሬበት አላየሁትም። ሁሌ በጨለማ ወጥቼ በጨለማ እገባለሁ...

ተነስቼ ሻዬን ደጃፍ ላይ ጠጣሁ። ቀስ ብዬ፣ ሳይቀዘቅዝ። ከዚያ እግሬን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፌ ተቀመጥኩ። ማንም "ቶሎ በይ" የሚለኝ የለም።

ለምሳ ጨው እንዲያቀብለኝ ለባሌ በጣቴ እየነሰነስኩ አሳየሁት። አሰበ፣ አሰበ፣ ሄዶ መርፌ አመጣ። ሁለተኛ ስሞክር ዱቄት አመጣ። "አንቺ ሴትዮ፣ ድሮም ስታወሪ አይገባኝም ነበር" አለኝ። ልጄ ከጓዳ ብቅ ብላ "ጨ... ጨው ነው የምትለው አባ" አለች። እሷ ሁሉም ይገባታል።

ከሰዓት በኋላ ከባሌ ጋር ዳማ ተጫወትን። ጠጠሮቻችን የካፖርት ቁልፎች ናቸው፣ የኔ ነጭ የሱ ጥቁር። ደጋግሜ አሸነፍኩት። ሳላወራ ስጫወት ጎበዝ ነኝ ለካ! እሱ ግን "ዝም ስትይ ያስፈራል፣ ሐሳቤን ነው ያጠፋሽው" ይላል። ደንበኛ መጥቶ ሱሪውን ሲጠይቅ እንኳ "ቆይ፣ ቁልፌን በልታብኛለች" ብሎ አስጠበቀው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

የዛሬውን ልጻፈው፣ እንዳይጠፋብኝ።

ባሌ የልብስ ልክ የሚያወጣው በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። እጅጌው፣ ኮሌታው፣ ጀርባው ሁሉ ተቆርጦ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ልጄ ትቦዝን ነበር። አንዱን አውርጄ ሰጠኋትና "አንብቢልኝ" አልኳት በእጄ። ጮክ ብላ ማንበብ አትወድም... ግን የታመመች እናት እንዴት እንቢ ይባላል?

ባሏ የጠፋባት ሴት ታሪክ ነው። ሴትየዋ ትጠብቃለች፣ ትጠብቃለች፣ አንድ ቀን በሩ ይንኳኳል። ትነሳለች። ትከፍታለች... ጋዜጣው እዚያ ላይ ተቆርጧል።

"ከ... ከዚህ በኋላ ብብት ነው" አለች ልጄ።

ጠረጴዛውን ደበደብኩ። ቀጥይ! ከራስሽ ጨምሪ! ገባት። ትንሽ አሰበችና "ስ... ስትከፍተው በሩ ላይ የቆመው ባ... ባ..."

ባሏ! አፌ ተከፈተ። ድምፅ የለም። ባሌም በማሽኑ ላይ አጎንብሶ ነበር፣ እሱ ድሮም አይቸኩልም። ስለዚህ ጠበቅን። ሌላ ምን እናደርጋለን?

"ባ... ባልዲ ነው።"

ማሽኑ ቆመ። "ባልዲ?" አለ ባሌ።

"አዎ። ሰ... ሰውየው የጠፋው ውሃ ሊቀዳ ወጥቶ ነው። ባልዲው መንገዱን ስለሚያውቅ ብ... ብቻውን ተመለሰ።"

ሳቅኩ፣ ያለ ድምፅ፣ ሆዴን ይዤ። ባሌ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። እሷ ደግሞ ስንስቅላት ጊዜ አላቆመችም። ባልዲው ከሴትየዋ ጋር ተጣላ፣ ጎረቤቶች አስታራቂ ሆነው መጡ፣ ታረቀ... እስኪመሽ። ይይዛታል፣ ይለቃታል፣ ትቀጥላለች። እንዲህ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። ይህ ሁሉ የት ነበር?

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬም ሌላ እጅጌ አነበበችልኝ። እኔ ከባሌ ቁርጥራጭ ጨርቅ ትራስ እየገጣጠምኩ እሰማለሁ። እጄ ሥራ ይዞ ጆሮዬ ሲዝናና... ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ? ጣቢያው ባይናፍቀኝ ይቀየመኝ ይሆን?

ጠዋት አብረን ገበያ ወጣን። ዋጋ መከራከር የኔ ሥራ ነበር። ዛሬ እሷ። ቲማቲም ሻጩ ዋጋውን ተናገረ። ልጄ "ው... ው... ው..." ብላ ቀረች። ሰውየው ጠበቀ፣ ፊቱን አከከ፣ ጨነቀው። "እሺ በቃ፣ ልቀንስ!" አላት። "ውድ ነው" ብላ ሳትጨርስ! መንገዱን ሙሉ እየሳቀች መጣች። "እማ፣ ይ... ይሄ ነገር ለካ ይጠቅማል!" በራሷ ላይ ስትቀልድ ሰምቼ አላውቅም።

ጎረቤታችን ፀጉር ሠሪዋ ልትጠይቀኝ መጣች። "እሰይ! ዛሬ እንኳ ተራ ደረሰኝ" ብላ ያጠራቀመችውን ሁሉ ዘረገፈችልኝ። ደግ ናት። ስለ ሰኞው ስትሰማ ደረቷን መታች። "ምን ያስጨንቃችኋል? እኔ አብሬያት እገባለሁ! እኔ እናገርላታለሁ!" ደስ አለኝ። አመሰግናለሁ ልላት እጄን ሳነሳ...

"አይሆንም እትዬ" አለች ልጄ። "ብ... ብቻዬን ነው የምገባው።"

ፀጉር ሠሪዋ እኔን አየችኝ። እኔ ልጄን አየኋት። ቢይዛትና ባይለቃትስ? የማያውቋት ሰዎች ፊት? እነሱ እንደኛ ይጠብቋታል?

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ልብስ ቁም ሣጥኑን አራግፈን እንደገና አደራጀን። ልጄ የልጅነት ቀሚሶቿን አገኘች። ሁሉም ቢጫ። አባቷ ነው የሰፋላት፣ በየዓመቱ አንድ። አንዱን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ትስቃለች። ቢጫ ስለምትወድ ነው፣ አልኩ በልቤ።

"እማ፣ አንድ ነገር ል... ልንገርሽ? አትቆጪም?" በምን አንደበቴ ልቆጣ!

"ትንሽ ሆኜ ም... ምን ዓይነት ቀለም ትፈልጊያለሽ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ብ... ብ... ስል 'ቢጫ!' አልሽ። ብ... ብርቱካናማ ነበር ልል የፈለግኩት።"

ሳቀች። እኔ ቀሚሶቹን አየሁ። ከዚያች ትንሿ እስከ ትልቁ... ለምን አልነገርሽኝም? አልኳት በዓይኔ።

"ማ... ማረም ይደክማል እማ። ቢጫም አይከፋም።"

ባሌ ከዚያኛው ክፍል ሰምቶ "የኔን ድካም ማን ይክፈል?" ብሎ ጮኸ።

ይኸውና እየጻፍኩ ነው፣ አሁንም እስቃለሁ፣ አሁንም አይለቀኝም። ይችን ነገር ለመስማት ድምፄ መጥፋት ነበረበት? እንኳን ጠፋ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ዛሬ ከበደን።

ባሌ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ መቀሱን ፊቱ አስቀምጦ ለልምምድ ጠያቂ ሆነ። "ለምን አዋላጅ መሆን ፈለግሽ?" ልጄ ጀመረች። ያዛት። ጠበቅን። አልለቀቃትም። አንገቷ ተወጠረ፣ ዓይኗ ቀላ... ብድግ ብላ ጓዳ ገባች። "አልሄድም! አ... አልሄድም!"

ቃል ባወጣ ኖሮ እኮ ስንት ነገር እላት ነበር። "አይዞሽ፣ ምንም አይደል፣ እኔ አለሁልሽ።" የማውቀው ይህን ብቻ ነው። ሄጄ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ትከሻዬን ትከሻዋ ላይ አስደገፍኩ። ረዥም ጊዜ እንዲህ ሆንን።

ባሌ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። "እኔ እናትሽን ለትዳር የጠየቅኳት ዕለት" አለ፣ እንደ ልማዱ ቀስ እያለ፣ "ጥያቄውን ሳልጨርስ 'እሺ!' አለችኝ። አላሳፍራት ብዬ ነው እንጂ... ልጠይቃት የፈለግኩት ሰዓት ስንት እንደሆነ ነበር።"

ልጄ በእንባዋ መሃል ፈነዳች። እኔ ጫማዬን ወረወርኩበት።

ስትረጋጋ "ሰኞ ድ... ድምፅሽ ባይመለስስ?" አለችኝ። ትከሻዬን ሰበቅኩ። በምን ላውቅ?

እሑድ፣ ኅዳር 14

ዛሬ ዝም ያልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። ቤቱ በሙሉ። ባሌ የልጄን ነጭ ሸሚዝ ተኮሰ፣ ሳይጠየቅ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ተነሳሁ። ውሃ ጣድኩ። መስኮቱ ጋ ቆሜ ቀስ ብዬ የልጄን ስም ጠራሁ። መጣ! ቀጭን ነው፣ ሻካራ ነው፣ ግን የኔው ድምፅ ነው። ተመስገን። ተመስገን። ሁለት ጊዜ አልኩት፣ ለመስማት።

ባሌ ከአልጋው "በቃ፣ ሰላማችን አለቀ" አለ። ወጥቶ ግንባሬን ሳመኝ።

መንገድ ላይ ጥቂት ብቻ አወራሁ፣ ሐኪሙን ፈርቼ። ትምህርት ቤቱ ደርሰን ተራዋ ሲጠራ እኔም አብሬያት ተነሳሁ። እግሬ ነው የተነሳው። ልጄ እጄን ያዘችኝ። "እማ፣ ድ... ድምፅሽ እንደተመለሰ አውቃለሁ። እዚህ ጠብቂኝ።"

ተቀመጥኩ። ቅር አለኝ? ትንሽ። አልዋሽም።

በሩ ተጣሞ ነው መሰለኝ በደንብ አይዘጋም። ሁሉም ይሰማል። ስሟን ጠየቋት፣ ይዟት ለቀቃት። ዕድሜዋን፣ ትምህርቷን። ከዚያ አንዲት ሴት፣ ድምፅዋ የትልቅ ሰው ነው፣ "ለምን አዋላጅ መሆን ፈለግሽ?" አለች።

"እኔ ም... ምጥ ላይ ያለችን ሴት መ... መ... መ..."

ወንበር ተንቋቋ። ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሁሉ ወደ በሩ አዩ። አሁን ጉሮሮዬ ውስጥ ድምፅ አለ። ቃል ፈለግኩ... አልነበረኝም። ምን ልትል እንደሆነ አላወቅኩም። እንደ ሌላው ሰው ጠበቅኩ።

"መርዳት ለማለት ነው?" አለ ሌላ ጠያቂ፣ ወንድ ነው፣ በደግነት።

አሁን "አዎ" ትላለች። ሁልጊዜ "አዎ" ነው የምትለው።

"አ... አይደለም። ይቅርታ፣ ል... ልጨርስ።" ትንፋሿን ወሰደች። "መ... መጠበቅ። ምጥ ላይ ያለችን ሴት መጠበቅ እችላለሁ። በራሱ ጊዜ የሚመጣን ነገር ማ... ማንም እንደኔ አይጠብቅም።"

ከዚያ ሴትየዋ፣ እየሳቀች ይመስለኛል፣ "እውነትሽን ነው" አለች።

ስትወጣ ፊቷ በላብ ርሷል። "እማ፣ የደንብ ልብስ ልክሽን ለጸሐፊዋ ስ... ስጪ አሉኝ።" እዚያው ኮሪደር ላይ አቀፍኳት፣ ጸሐፊዋ እያየችን። አንገቷ ሥር አለቀስኩ። ያ ሁሉ ሰው እያየን።

ነገ ወደ ጣቢያው እመለሳለሁ። ደስ ብሎኝ ነው የምመለሰው። ግን እንዲህ ያለ ሳምንት ደግሞ ማን ይሰጠኝ ይሆን...

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ከመጀመሪያ ጀምራ ሁሉንም ነገረችኝ። ማን ምን እንደጠየቃት፣ የት ላይ እንደያዛት፣ ምን ብላ እንደመለሰች። በበሩ ክፍተት ሁሉንም ሰምቼዋለሁ፣ አንድም አላመለጠኝም።

"ከዚያስ?" አልኳት።