ሲፒዩ ለማያስፈልገው ኮምፒውተር ሲፒዩዬ ስለመወሰዱ

ለክቡር አቶ ሙባሪክ
የበርበሬ አቅራቢዎች ማኅበራችን ሥራ አስኪያጅ
ቡታጅራ

ክቡርነትዎ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ ከአዲስ አበባ ሲመለሱ መንገዱ ያንገላታው ትከሻዎስ እንዴት ነው? አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። እኔ ከመጋዘኑ አጠገብ ባለችው ክፍሌ፣ ከጨለመ ስክሪን ፊት ለፊት ተቀምጬ በሙሉ ጤንነት እገኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት በግል የጻፍኩልዎ ሁሉ መልስ ስላጣብኝ ነው።

ላልሰሙ አባላት ላስረዳ። ክቡርነትዎ ለጸሐፊዎ ለወይዘሪት ፈቲሀ፣ ስክሪኑና አካሉ አንድ ላይ የተሠራውን፣ ኦል ኢን ዋን የሚሉትን ኮምፒውተር ገዙላት። የንብረት ክፍሉ አቶ ኡበይድ ካርቶኑን ገልብጠው ቢፈልጉ ቢፈልጉ ሲፒዩ የምንለውን ሣጥን አጡ። እርሳቸው ደግሞ ሲፒዩ የሌለው ኮምፒውተር ጎዶሎ ነው፣ ጎዶሎ ዕቃ አላስረክብም አሉ። ክቡርነትዎም በሚታወቁበት ፍጥነት የእኔን ሲፒዩ ከእግሬ ሥር አስነስተው ከአዲሱ አጠገብ አስቀመጡት። አንድም ገመድ አልተሰካበትም።

ስለሆነም የሚከተለውን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ምርጫዎ እጅግ ያማረ ነው። አዲሱ ኮምፒውተር ቀጭን ነው፣ አንዲት ገመድ ይበቃዋል፣ ጠረጴዛ አያጣብብም፣ ድምፁም አይሰማም። የእኔው ሲነሳ ዳገት እንደያዘ ባጃጅ ይጮህ ነበር። ምን እደብቃለሁ፣ ቀንቻለሁ። በፈቲሀ በር ባለፍኩ ቁጥር አንገቴ ሳላዘው ይዞራል። ማኅበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ በርበሬ እያስነጠሰኝ ደብዳቤውን ሁሉ የጻፍኩት እኔ ሆኜ ሳለ፣ አዲስ ነገር ሲመጣ ትናንት ለተቀጠረችው መሆኑ አንጀቴን ያሳርረኛል። ስላስተማሩኝ ትዕግሥት አመሰግናለሁ።

፪. ድክመቱንም ልናገር፣ ቅናት ነው ካላሉኝ። ቅናትም ቢሆን እውነት ነው። የእኔን ሲፒዩ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቢያቃጥለው፣ መናኸሪያው ጋ ያለው ሙስተፋ ፈትቶ፣ የተቃጠለውን ለውጦ፣ የገባውን የበርበሬ ብናኝ አራግፎ በማግስቱ ይመልሰው ነበር። አዲሱን ግን ለሙስተፋ ብናሳየው ከፊት ከኋላ አገላብጦ፣ ይህን የሚፈታ አዲስ አበባ ፈልጉ ብሎ ሸኘን። ስክሪኑ ቢሰነጠቅ ኮምፒውተሩ በሙሉ አብሮ ጥገና ይሄዳል። እንደ ላፕቶፕ ባትሪ ስለሌለውም መብራት ሲጠፋ ወዲያው ይጠፋል። ባለፈው ፈቲሀ ግማሽ ደብዳቤ ጠፍቶባት ስትጮህ ደስ ብሎኛል፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

፫. ሲፒዩ ስለሌለኝ አልጽፍም። ስላልጻፍኩም በሥራ አፈጻጸም ምዘናዬ ላይ ሥራዋ ቀንሷል ብለው ጻፉልኝ፤ ሥራዬ ስለቀነሰም ወደ አረቅጥ እንድዛወር ወሰኑ። በርበሬ በማይበቅልበት ደጋ የሚከፍቱትን የበርበሬ መሰብሰቢያ እንድመራ ስላጩኝ ክብር ይሰማኛል። ልጆቼ የሚማሩት ቡታጅራ ነው፤ እናቴም የምትታከመው እዚሁ ነው። ይህን ለክቡርነትዎ መንገር ነበረብኝ እንዴ?

የምለምነው አዲሱን ኮምፒውተር አይደለም፣ ምንም እንኳ ብመኘውም። አሮጌው ሲፒዩዬ ተመልሶልኝ፣ ሥራዬን ሠርቼ፣ ከከተማዬ ሳልነቀል እንድኖር ነው።

ጎዶሎን ሁሉ ለመሙላት የማይታክቱት እጆችዎ እንዲባረኩ እየተመኘሁ፣ በጥልቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

ፍቅርአዲስ ወልደማርያም
የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ለጊዜው የስክሪን ጠባቂ

ግልባጭ፦ ለአቶ ኡበይድ፣ ለወይዘሪት ፈቲሀ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ ደብዳቤ የተጻፈው በዚያው በአዲሱ ኮምፒውተር ነው። ፈቲሀ ወንበሯን ለቃልኝ፣ የቀናሁባትንም ክፍል አንብባ ሳቀች። ኪቦርዱ ከመለስለሱ የተነሳ ቅናቴ ባሰበት እንጂ አልበረደም። ሲፒዩውን ልትመልስልኝ ደጋግማ ብትጠይቅዎ፣ እንግዳ ሲመጣ ጎድሎ እንዳይታይ ብለው እንደከለከሏት ነገረችኝ። ለካ በማኅበራችን ጎድሎ መታየት የተከለከለው ለዕቃ ብቻ ነው።