የሩዋይዳ ክንፍ ሸተተ

ልጄ ሳሚያ፣ አላህ በሰው አገር ጥላ ይሁንሽ። እኛ ደህና ነን፤ አፍንጫችን ብቻ ታሟል።

እህትሽ ሩዋይዳ ቅዳሜ በትምህርት ቤቷ ቲያትር ላይ ክንፍ ያላት የተረት ልጅ ትሆናለች። ለክንፉ ብላ የዶሮ ላባ ሳታጥብ በፌስታል ቋጥራ አልጋ ሥር ከተተች፤ በሸዋሮቢት ሙቀት! ትል ካፈራ በኋላ አውጥታ የወባ አጎበሬ ላይ ሰፋችው። ኤጭ፣ ትፍ!

«እማዬ፣ የምበር አልመስልም?» አለችኝ።

«ዝንቡ ይሸከምሽ የለ!» አልኳት።

እያለቀሰችም አልጥልም አለች። መድረክ ላይ አፍንጫቸውን ይዘው ሊስቁባት ነው፤ አንጀቴ አልቻለም። ሳጥን ውስጥ ያለው የዒድ ሻሼ ጥሩ ክንፍ ይወጣዋል፤ እኔ ብሰጣት ግን በእልህ እምቢ ትላለች። እባክሽ ደውዪና «የእማዬን ሻሽ ስረቂ» በያት።

አላህ ሐያትሽን ያርዝመው። ሳጥኑን አልቆለፍኩትም።

እናትሽ መሪያም