የኮት ቁልፍ ያላት ጊታር

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመህልናል? እኛ ከእማዬ ጉልበት በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ያገለገለች ኤሌክትሪክ ጊታር ገዛሁ። ሻጩ አንተ ካለህበት ከተማ የመጣች፣ የአንድ ዝነኛ ሙዚቀኛ ነበረች ብሎ ማለልኝ፤ የዝነኛውን ስም ስጠይቀው ግን ሳል ያዘው። ድምፅ መጨመሪያዋ ወልቆ በቦታው የኮት ቁልፍ ተለጥፎባታል፤ ልክ እማዬ ከአባዬ ኮት ቆርጣ ያንተዋ ጊታር ላይ እንደለጠፈችው! የሰው እናት ሁሉ ልብስ ሰፊ ሆናለች መሰለኝ።

እማዬ መነጽሯን አድርጋ ቁልፉን ዳበሰችና «ጥሩ ዕቃ ነው» ብላ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። ክር ሳታስገባ ግማሽ ቀሚስ ሰፋች።

ስትደውል ያንተን ጊታር ትንሽ ምታልን። ካልተመቸህም ግድ የለም፤ አንተ ብቻ ና፣ ጊታር እዚህ አለ።

ዓይንህን ለማየት ያብቃን።

ናፋቂ እህትህ