የመጀመሪያው ቀንበጥ

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ
ከፋርማሲ በዘጠኝ ሰዓት ወጣሁ። ባጃጅ ጠፋ፣ በእግሬ መጣሁ። ሳሎኑ ሞልቷል። አባ እንደ ሁልጊዜው ጫቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ዱዓ ያደርጋል። እግሩ ለታመመ፣ ልጅ ላጣች፣ ፈተና ላለበት... ሁሉም «አሚን» ይላል። ዱዓው ሲያልቅ የመጀመሪያውን ቀንበጥ አባ ይቀምሳል። ከዚያ በፊት ማንም አይነካም። ከአያቴ ጀምሮ የዚህ ቤት ወግ ነው፤ የሚጀምረው የቤቱ ልጅ ነው።

እኔ ሻይ ቀዳሁ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ አንዲት ቅጠል ቀምሼ አላውቅም። «መድኃኒት ሻጯ፣ ገበያዋን ወስደንባት ነው» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ
አባ ግቢ ውስጥ ወደቀ። ሐኪም ቤት ወሰድኩት፤ የደም ግፊቱ 200 በ110። ሐኪሙ ፊት ለፊት ነገረው፦ «ጫት ካላቆሙ በሚቀጥለው አይነሱም።»

ቤት ስንደርስ አባ፣ «እሺ አልቅምም። ዱዓውን ግን አልተውም» አለኝ። ማን ተው አለህ? ዱዓ አድርግ፣ አትቃም... ቀላል መሰለኝ።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ
ቀላል አይደለም።

ዱዓ አደረገ። ቀንበጡን ይዞ ቆየ፣ መልሶ አስቀመጠው። «እናንተ ቃሙ» አለ። ማንም አልነካም። ጎረቤታችንን ሐጂ ሸረፋን «አንተ ቅመስልኝ» ቢላቸው፣ «እኔ የዚህ ቤት ልጅ ነኝ እንዴ ሰይዶ?» አሉት። ወንድም የለኝም። እናቴም ካለፈች ቆየች።

ሁሉም ጫቱን ይዞ ወጣ።

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ
አራት ሰው ብቻ። ልጇ የታመመባት አንዲት ሴት ከበር ላይ አየት አድርጋ ተመለሰች። አባ አይቷታል።

ጥቅምት 25፣ ሰኞ
የአባን አልጋ ሳነጥፍ ሐኪሙ ያዘዘለትን የግፊት ክኒኖች ትራሱ ሥር አገኘኋቸው። ያልዋጠው የአራት ቀን።

«አባ፣ ምንድነው ይሄ?»

«ምን ላደርግ ልኑር? ባዶ ፍራሽ ልጠብቅ?»

ጮህኩበት። እንደዚያ ጮኼበት አላውቅም። ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ዱዓው ለሱ ይሄን ያህል መሆኑን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር... ማወቅ አልፈለግሁም።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ
ሰባት ሰው። አባ ዱዓውን ጨረሰና ቀንበጡን ወደ አፉ አስጠጋ። ሁሉም ያያል፣ ማንም ተው አላለውም። የሻይ ትሪ ይዤ በር ላይ ነበርኩ። መቼ እንዳስቀመጥኩት እንጃ።

«ለኔ ስጠኝ» አልኩ።

«ሴት ልጅ?» አሉ ሐጂ ሸረፋ።

«የዚህ ቤት ልጅ አይደለሁም እንዴ ሐጂ?»

አባ ቀንበጡን ከአፉ መልሶ ወደኔ ዞረ። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

«ቢስሚላህ በይ፣ ፈቲሀ» አለ።

አልኩና ተቀብዬው ቀመስኩ። ሲመር! ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። ሐጂ ሸረፋ ወደ ጫታቸው እጃቸውን ዘረጉ፣ ከዚያ ሁሉም። አባ ባዶ አፉን ይዞ ፈገግ አለ።

ከራት በኋላ ሳልነግረው ክኒኑን ዋጠ። እኔ ደግሞ ፈጥጬ አደርኩ። ሰዉ ይሄን ፈልጎ ነው የሚቅመው?

ሕዳር 2፣ ሰኞ
የአባ ግፊት 150 በ90።

ፋርማሲ አንድ ሰውዬ የግፊት መድኃኒት ሊገዛ መጣ። እንደ ሁልጊዜው «ከጫት ጋር አይሆንም» አልኩት። «አንቺ ስለ ጫት ምን ታውቂያለሽ?» አለኝ። ሳቄ መጣ፣ እንደምንም ያዝኩት።

ቤት ስገባ አባ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

«ሐሙስ በስንት ሰዓት ነው የምትወጪው?»

ስለ ሥራዬ ጠይቆኝ አያውቅም።

«በዘጠኝ።»

«በስምንት አይሆንም? ሰዉ አንቺን ነው የሚጠብቀው።»